ሦስት ደብዳቤ ለአንድ ጀበና

ለሠላሳ ዓመት ያህል እናቴ ኒንቴንዶ ፓወር የሚባለውን የቪዲዮ ጌም መጽሔት የምታውቀው የትምህርት ቤት መጽሔት አድርጋ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። እንደዚያ ያልኳት እኔ ነኝ።

በ1990 ነው አዲስ አበባን ለቀን አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የገባነው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው)። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ ታክሲ ይነዳል። አንድ ቀን የዘወትር ተሳፋሪው ልጆቹ የሰለቹትን የኒንቴንዶ ማጫወቻ ከሁለት ካሴት ጋር ሰጠው። ካርቶኑ ውስጥ አንድ የተጨማደደ መጽሔት ነበር። ከኋላው የደንበኝነት ቅጽ አለው፦ በዓመት 20 ዶላር። በዚያው ሰሞን ደግሞ ደንበኛ ለሚሆን ሁሉ ድራገን ዋርየር የሚባለውን ጌም በነፃ እንልካለን ይሉ ነበር። ካሴቱ ለብቻው ከመጽሔቱ የዓመት ዋጋ በላይ የሚሸጥ ነው። አባቴ ቅጹን ገልብጦ አየውና «መጽሔት ገዝተህ ዕቃ በነፃ? ይኼ ነገር ሌብነት አለበት» አለ። እውነቱ ሌላ ነበር። ኩባንያው ጌሙን አብዝቶ አሠርቶ አልሸጥ ብሎት ነው። እናቴ ግን «ለትምህርት ነው» ስላት ከጓዳ ቆርቆሮዋ 20 ዶላር ቆጥራ ሰጠችኝ።

በአንድ በኩል አልዋሸሁም። እንግሊዝኛዬን ያቃናው ያ መጽሔት ነው። ያጣመመውም ያ ካሴት ነው። የድራገን ዋርየር ሰዎች በእንግሊዝኛ የሚያወሩት የጥንት አነጋገር ነው፤ «ዩ» አይሉም፣ «ዛው» ነው የሚሉት። እኔ ምን አውቃለሁ? ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ መምህሬን «ዛው» አልኳት። ግዕዝ ይዞ መርካቶ ሸመታ እንደ መውጣት ማለት ነው። ልጆቹ ሳምንት ሙሉ ሳቁብኝ።

ከመጽሔቱ አብልጬ የምወደው የደብዳቤውን ገጽ ነበር። ልጆች ይጽፋሉ፣ አዘጋጆቹ ይመልሳሉ። የማይታወቅ ልጅ ጽፎ መልስ ያገኛል፤ ይኼ ለእኔ ተአምር ነበር። እኛ ቤት ደብዳቤ ማለት ሰው አገር ቤት ሲሄድ በእጅ የሚላክ፣ መልሱም ሰው ሲመጣ የሚጠበቅ ነገር ነው። እዚያ ላይ ደግሞ ፖስታዎቹ! አንባቢዎቹ ፖስታውን በቀለም ሥለው፣ አስጊጠው ይልኩታል፤ ያማረው ይታተማል። እኔም የኒንቴንዶን ጌም ጀግና ማሪዮን ጋቢ አልብሼ ሣልኩት። ደብዳቤውን ደግሞ አባቴ ለአያቴ ሲጽፍ ባየሁት መንገድ ጀመርኩ፦ «ለጤናችሁ እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።» ቃል በቃል እንግሊዝኛ አድርጌው። ወስጄ የፖስታ ሳጥን ውስጥ ከተትኩ።

ከሳምንት በኋላ እናቴ በሩ ላይ ፖስታ ይዛ እልል ልትል ምንም አልቀራት። «መልስ መጣልህ!» አለችኝ። ማሪዮ ከነጋቢው ነው የመጣው። ቴምብር አልለጠፍኩም ነበር። የተመታበትን ማኅተም አይታ የትልቅ መሥሪያ ቤት መልስ መስሏታል። ፖስታውን ስማ ሰጠችኝ። ልነግራት አልቻልኩም። እንደገና ለመላክም ወኔው አልነበረኝም።

ይኼ ሁሉ ትዝ ያለኝ ባለፈው ዓመት ክረምት ነው። እናቴ ጉልበቷን ቀዶ ጥገና አድርጋ እኛ ቤት ከረመች። ቀኑን ሙሉ ቁጭ። ቴሌቪዥን ሰለቻት። አሥር ዓመት የሞላት ልጄ አያቷን ትወዳታለች፤ ግን አማርኛዋ «ብላ፣ ጠጣ፣ ና» ላይ ይቆማል። አንድ ላይ ተቀምጠው ይተያያሉ። አንድ ማታ ምድር ቤት ወርጄ የድሮ ካርቶኔን ሳወጣ 11 መጽሔቶች አገኘሁ። ሦስቱ እርጥበት ገብቷቸው ተጣብቀዋል። (መጽሔት በካርቶን ምድር ቤት አይቀመጥም። ክዳን ባለው የፕላስቲክ ሳጥን፣ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ነው። ዘግይቼ ተማርኩት።) ቀሪዎቹን ይዤ ወጣሁና የደብዳቤውን ገጽ ለእናቴ ወደ አማርኛ እያዞርኩ አነበብኩላት። ልጄም መጥታ ከጎኔ ተወሸቀች። ነገሩ እንዲህ ተጀመረ።

ከዚያ ሌሎች እትሞች መግዛት ጀመርኩ። መጀመሪያ የሠራሁት ስሕተት ንጹሕ የሆነውን መፈለግ ነው። ሰብሳቢዎች ያልተነካውን ነው የሚወዱት፤ ፖስተሩ ያልተገነጠለ፣ ካርዱ ያልተቀደደ። ዋጋውም ሰማይ ነው። ሁለት ገዝቼ ሳገላብጣቸው ምንም አልተሰማኝም። ቀጥሎ በርካሽ የገዛሁት ጥቅል ግን የተነካካ ነበር። አንዱ ልጅ ኅዳጉ ላይ የጌም የይለፍ ቃል በእርሳስ ጽፏል። ሌላው የሚፈልጋቸውን ካሴቶች አክብቦ፣ ከጎኑ ዋጋቸውን ደምሯል፣ ድምሩንም ተሳስቷል። እናቴ ድምሩን አረመችለት። ከዚያ በኋላ ያልተነካ አልገዛሁም።

እናቴ ዓይኗ ስለደከመ ገጾቹን በስልክ ፎቶ እያነሳሁ፣ ትርጉሙን በትልቅ ፊደል አትሜ በአንድ ክላሰር ውስጥ ጎን ለጎን አስገባኋቸው። መጀመሪያ ላይ ወረቀቱ እያብለጨለጨ ፎቶው ሁሉ ተበላሸ። መፍትሔውን ያገኘሁት ከመጽሔቱ ከራሱ ነው። ያኔ ከፍተኛ ነጥብ ያስመዘገበ ልጅ ማስረጃ የሚሆነው የቴሌቪዥኑ ፎቶ ነበር፤ መጽሔቱ ደግሞ መብራት አጥፉ፣ ፍላሽ አትጠቀሙ ብሎ ይመክራል። እኔም ፍላሹን አጥፍቼ መስኮት አጠገብ ወሰድኩት። ሠራ።

በዚያ የነጥብ ገጽ ላይ እናቴ እስከ ዛሬ የምትስቅበት ታሪክ አለ። ከአፕል መሥራቾች አንዱ የሆነው ስቲቭ ዎዝኒያክ በጌም ቦይ፣ ማለት በእጅ በሚያዘው የኒንቴንዶ ማጫወቻ ላይ ቴትሪስ የሚባለውን ጌም ሲጫወት የሚደርስበት አልነበረም። ነጥቡን ለመጽሔቱ ይልካል፣ ስሙ ይወጣል፣ ደግሞ ይልካል። በኋላ ስምህ በዛ፣ ከእንግዲህ አናወጣውም አሉት። እሱም ስሙን ገልብጦ «ኤቬትስ ካይንዞው» ብሎ ላከ። ታተመለት። ቆይቶ መጽሔቱን ሲከፍት ይኼ የውጭ አገር ስም ያለው ሰው ማን ነው ብሎ ደነገጠ፤ የራሱን ተንኮል ረስቶት ነበር። እናቴ «ያን ሁሉ ገንዘብ ይዞ ስሙ በልጆች መጽሔት ይውጣልኝ ይላል?» አለች። ልጄ ግን ወዲያው የሁላችንንም ስም መገልበጥ ጀመረች።

ከሁሉም ያስቸገረኝ ትርጉሙ ነው። መጀመሪያ ቃል በቃል ሄድኩ። ጌም ውስጥ መጨረሻ ላይ የሚመጣውን ትልቁን ጭራቅ «ቦስ» ነው የሚሉት፤ እኔ «አለቃ» አልኩት። እናቴ ሃያ ዓመት ሆቴል የሠራች ሰው ናት። ሕፃን ልጅ «የመጨረሻውን አለቃ ገደልኩት» ብሎ በደስታ ሲጽፍ ስትሰማ አማተበች። «ጭራቁ» ብዬ ቀየርኩት። «ጌም ኦቨር»ን አልነካሁትም፤ እሱን እሷም ታውቀዋለች። ሰላምታ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የአሜሪካ ልጅ ሲጽፍ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ነው። «ይኼ ልጅ እንደምን አደራችሁ አይልም?» አለችኝ። እኔም ከራሴ ሰላምታ መጨመር ጀመርኩ። ልጄ እንግሊዝኛውን ከጎኑ ስለምታየው ነቃችብኝ። «ዳዲ፣ ይኼ እዚህ የለም!» ተስማማን፦ ሰላምታውን እናቴ በቃሏ ትላለች፣ እኔ የተጻፈውን ብቻ አነባለሁ። ልጄ እነዚያን ሰላምታዎች እየሰማች ለመደቻቸው። ስልክ ላይ ለአክስቴ «ለጤናዎ እንደምን ከረሙ» ስትል ሰምቼ ዞር አልኩ።

የሥዕል ታሪኮቹን ለመተርጎም ግን ምንም አልለፋሁም። «ሃዋርድ እና ኔስተር» የሚባል ነበር። ሃዋርድ ቢራቢሮ ክራቫት የሚያስር አዋቂ ነው፤ በእውነትም ሃዋርድ ፊሊፕስ የሚባል የኩባንያው ሠራተኛ ነበረ፤ ከመጋዘን ጀምሮ «ጌም ማስተር» እስከ መባል የደረሰ ሰው። ኔስተር ጉረኛ ልጅ ነው። ሃዋርድ ይመክረዋል፣ እሱ አውቃለሁ ይላል፣ ይወድቃል። እናቴ ሁለት ካየች በኋላ ሦስተኛውን ሳላነብላት «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ብላ ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ የኔስተር ገጽ ሥር የምጽፈው ያንኑ ነው።

አንድ ጊዜ ደግሞ ጓጉቼ በአንድ እሑድ አሥራ አምስት ደብዳቤ አነበብኩ። ሁለቱም ተኙብኝ። የሠራው ሥርዓት ከቡናው ጋር የሄደው ነው። አንድ ደብዳቤ ለአቦል፣ አንድ ለቶና፣ አንድ ለበረካ። አቦል ላይ የሚያስቅ ይሻላል፤ አያቱ ከእሱ በልጠው የሚጫወቱበት ልጅ ዓይነት። ከባዱ ለበረካ ይቆያል።

ከባዱ የወታደሩ ነበር። በ1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ላይ የነበረ አሜሪካዊ ወታደር ጌም ቦዩ በእሳት ተቃጠለበት። ለኩባንያው ላከው፤ መጽሔቱም ጽፎበታል። ፊቱ ቀልጦ ጠቁሯል። ቴትሪስ አስገብተው ሲያበሩት ግን ሠራ። ለወታደሩ አዲስ ላኩለት፤ የተቃጠለው ደግሞ ኒውዮርክ፣ ሮክፌለር ሴንተር ያለው የኒንቴንዶ መደብር ውስጥ ቴትሪስ እያሳየ ለብዙ ዓመት ቆመ። እኔ ይኼን ሁልጊዜ እንደ ጠንካራ ዕቃ ታሪክ ነው የማወራው። እናቴ ጨርሼ ዝም ስል ጠበቀችና «ልጁስ?» አለች። «የትኛው ልጅ?» አልኳት። «ወታደሩ። ዕቃው ይኼን ያህል ከነደደ እሱ የት ነበር? ደህና ገባ?» አሁንም ጌም ቦይ የሚል ቃል በሰማች ቁጥር ትጠይቀኛለች። ደብዳቤ የጻፈ ሰው ተርፏል ማለት ነው ብያት፣ በዚህ ነው የምናልፈው።

ልጄ የወደደችው ግን የምስጢሩን ክፍል ነው። በ1990 መጽሔቱ ውድድር አወጣ፤ ፋይናል ፋንታሲ በሚባለው ጌም ውስጥ እምብዛም የማይገኝ አንድ ጠላት አለ፣ እሱን ፎቶ አንስቶ የላከ ዕጣ ውስጥ ይገባል፤ ያሸነፈው ስሙ በሚመጣ ጌም ውስጥ ይገባለታል። ጌሙ አሜሪካ በ1992 የወጣው የዜልዳ «ኤ ሊንክ ቱ ዘ ፓስት» ሆነ። ስሙን ያስገቡለት በአንድ ምስጢራዊ ክፍል ነው። ክፍሉ ውስጥ 45 ሰማያዊ ዕንቁዎች ተደርድረዋል፤ ግድግዳው ላይ ጽሑፍ አለ፤ ስሜ እገሌ ነው፣ ይህ ምስጢራዊ ክፍሌ ነው፣ በመካከላችን ይቅር የሚል። የሚደንቀው መግቢያው ነው። ጌሙ ተጫዋቹን የት እንደሚያደርሰው ግራ ሲገባው እዚያ ይጥለዋል። ስለዚህ ለዓመታት ብዙ ሰው ሳያውቀው ኖረ። ልጄ «መንገድ ስትጠፋ የምትገባበት የሰው ቤት ነው?» አለች። በእንግሊዝኛ ነው ያለችው። ለእናቴ ያስተረጎምኳት እሷን ራሷን ነው፤ ሦስት ጊዜ ሞክራ ቻለች።

የመጽሔቱ ነገር ሲነሳ እናቴ የምታነሳት ሴት አለች። ጌይል ቲልደን የመጽሔቱ መሥራች አዘጋጅ ናት። የኩባንያው የአሜሪካ ኃላፊ ሚኖሩ አራካዋ መጽሔት እንሥራ ብሎ ሲደውልላት ልጅ ወልዳ ቤቷ ነበረች። የመጀመሪያው እትም በ1988 ክረምት ወጣ። «በአራስነቷ?» አለች እናቴ። «አጥሚቱን ማን አጠጣት?» መልስ የለኝም። ግን እንዲህ ዓይነት ጥያቄ የሚጠይቅ አንባቢ መጽሔቱ አግኝቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ክላሰሩ ሲሞላ መጨረሻ ላይ ያደረግኩት የመጨረሻውን እትም ነው፤ ታኅሣሥ 2012፣ ቁጥር 285። ሽፋኑ ላይ ከጭቃ የተሠራ ማሪዮ አለ፤ የመጀመሪያው እትም ሽፋንም እንደዚያው ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥኩላቸው። ውስጡ ኔስተር አድጎ፣ ማክስ የሚባል ልጅ ወልዶ ይታያል። «ጉረኛውም ወለደ?» አለች እናቴ፤ ደስ ብሏት ነው።

ልጄ ደብዳቤ ልጻፍ አለች። መጽሔቱ ተዘግቷል አልኳት። «ለእኔ ላኪልኝ» አለች እናቴ። ልጄ ሁለት ቀን ሙሉ ፖስታው ላይ ስትሥል ከረመች፤ የተቃጠለ ጌም ቦይ፣ ጀበና፣ ቢራቢሮ ክራቫት። ቴምብሩን እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ አረጋገጥኩ። ቅዳሜ ፖስተኛው አመጣው። እናቴ መነጽሯን አድርጋ፣ ሥዕሉ እንዳይቀደድ በቢላ ቀስ ብላ ከፈተችው። ባዶ ነው። ልጄ ደብዳቤውን ጠረጴዛዋ ላይ ረስታው ነበር።