ለነጭ ዱቄት ሰባት ሳምንት

አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ይህን ባልጻፍኩት። አራት ኪሎ ለማስተርስ ጥናቴ የሠራሁት በከርከዴ የሚሠራ የፀሐይ ሴል ነው። ሐሳቡ የእኔ አይደለም፤ ኦሬጋን እና ግሬትዝል የተባሉ ተመራማሪዎች በ1991 እ.ኤ.አ. ባሳዩት መንገድ የሄደ ነው። ሰሚኮንዳክተሩ (ኤሌክትሪክ በከፊል የሚያስተላልፈው ቁስ) ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባል ነጭ ዱቄት ነው። ባንድ ጋፑ፣ ማለትም ኤሌክትሮኑን ለማስነሳት ብርሃን ሊኖረው የሚገባው ትንሹ ኃይል፣ 3.2 ኤሌክትሮን ቮልት ግድም ስለሆነ አልትራቫዮሌቱን ይውጣል እንጂ የሚታየውን ብርሃን አይውጥም፣ መልሶ ይበትነዋል፤ ነጭ የሆነውም ለዚህ ነው። ከርከዴው ብርሃኑን ውጦ ኤሌክትሮኑን ያቀብለዋል። ጉድ የሠራኝ፣ ሰባት ሳምንት ጉምሩክ ያመላለሰኝ ይኸው ነጭነቱ ነው።

የላብራቶሪው ሥራ ቀላል ነው። ዱቄቱን በኮምጣጤ አሽቶ መስታወት ላይ መቀባት፣ 450 ዲግሪ ላይ ግማሽ ሰዓት መጋገር፣ ከርከዴ ውስጥ መንከር፣ ሌላኛውን መስታወት በእርሳስ ማጥቆር፣ በመሐላቸው ኤሌክትሮኑን ለከርከዴው የሚመልሰውን የአዮዳይድ ፈሳሽ ማንጠብጠብ። ከርከዴና እርሳስ ፒያሳ ሞልቷል። ዱቄቱንና ኤሌክትሪክ አስተላላፊውን መስታወት ግን ከውጭ አዘዝኩ፤ በአንድ ካርቶን።

ካርቶኑ ሲደርስ የጉምሩክ መስኮት ላይ ያለችው ሠራተኛ «ወንድሜ፣ ይሄ ነጭ ዱቄት ምንድን ነው?» አለችኝ። «የላብራቶሪ ዕቃ ነው» ብዬ ዝም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ማስተማር አማረኝ። «ምንም አይደለም እህቴ፣ ክኒን ሽፋን ውስጥ አለ፣ ጥርስ ሳሙና ውስጥ አለ፣ የግድግዳ ቀለም ውስጥም አለ።» ምናለ በቀለሙ በጀመርኩ! እስክሪብቶዋን አነሳች። «ክኒን ካልክ የመድኃኒት ፈቃድ አምጣ።»

መድኃኒት የሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ። «ይሄ መድኃኒት አይደለም፣ እኛን አይመለከትም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። «እሱኑ በጽሑፍ ስጡኛ» ስላቸው «ለማይመለከተን ነገር ደብዳቤ አንጽፍም» አሉ። ተመለስኩ። ከትምህርት ክፍሌ የድጋፍ ደብዳቤ ወሰድኩ፤ ወጪ ቁጥር የለውም ተብሎ ተመለሰ። ቁጥሩ ሲገባ ማኅተሙ ፊርማው ላይ አላረፈም ተባለ። ማኅተሙ ሲስተካከል ሲስተም የለም። ሲስተሙ ሲመጣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። መጋዘኑ ግን ስብሰባ አያውቅም፤ ኪራዩን በየቀኑ ይቆጥራል።

የገላገለኝ አንድ ሽማግሌ ትራንዚተር ነው። ፋይሌን አገላብጦ «ልጄ፣ ሻጩ ‹ለምርምር ብቻ፣ ለሰው አይሰጥም› የሚል ወረቀት አልላከልህም?» አለኝ። ልኮልኛል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ኢሜይሌ ውስጥ ተኝቷል። ወረቀቱ በገባ በሁለተኛው ቀን ካርቶኑ ወጣ። በቢሮዎቹ አሁንም እበሳጫለሁ፤ በራሴ ግን ይብሳል።

«ዕቃው ሲደርስ ና» ይሏችኋል። አትስሟቸው። ወጪ ቁጥር ያለው ደብዳቤ ሦስት ቅጂ በእጃችሁ ሳይገባ አንድም ነገር አትዘዙ። መስታወትና ዱቄትም ለየብቻ ይምጣ፤ የእኔ መስታወት ያለ ጥፋቱ ከዱቄቱ ጋር ታስሮ ከረመ። ደግሞ መስታወቱ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው በአንደኛው ፊቱ ብቻ ስለሆነ ከመቀባታችሁ በፊት በቴስተር ለኩት። እኔ ያን ሁሉ ከለፋሁ በኋላ የመጀመሪያውን በተቃራኒው ፊት ቀባሁት። ለዚህኛው የማማው ቢሮ የለኝም።

ሁለተኛው ሴል ፀሐይ ላይ 0.4 ቮልት ሰጠ፤ የአንድ ባትሪ ድንጋይ ሩብ ግድም። የተረፈውን ከርከዴ አፍልተን ከአማካሪዬ ጋር ጠጣነው። ለእሱ ደብዳቤ የጠየቀን የለም።