«ስንት ዓመት ነው የሚታሰረው?»

ሐዋሳ ውስጥ የሞት ቅጣት ይቅር እያልኩ መዞር ስጀምር፣ ሰው የሚቃወመኝ ስለማያውቅ ነው ብዬ ነበር። ስለዚህ ወረቀት ጻፍኩ። ሩዋንዳ በፈረንጆች 2007 አስቀርታለች፣ ሴራሊዮን በ2021፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የተጠለሉባት ዚምባብዌ እንኳ በ2024። 200 ኮፒ አስባዝቼ ፒያሳ በተንኩት። ማታ ፍቅር ሐይቅ ዳር ኦቾሎኒ ስገዛ ሻጯ የጠቀለለችልኝ በራሴ ወረቀት ነው። ሩዋንዳ የሚለው ላይ ጨው ተነስንሶበታል።

ቀጥሎ የሰፈራችን እድር ወርሃዊ ስብሰባ ላይ አስር ደቂቃ ለመንኩ። ፈቀዱልኝ። ሕጉን አብራራሁ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 117፣ የሞት ፍርድ ርዕሰ ብሔሩ ካላጸደቀው አይፈጸምም ይላል። በአደባባይም በስቅላትም አይሆንም። ጥሩ እየሄደልኝ መሰለኝ።

ከወደ ኋላ አንዲት እናት ተነሱ። «ልጄ፣ የሞት ቅጣት ከቀረ ገዳዩ ስንት ዓመት ነው የሚታሰረው?»

«ዕድሜ ልክ» አልኩ።

«አመክሮስ?» አለ አንድ ባጃጅ ነጂ።

አውቀው ነበር። ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው 20 ዓመት ከታሰረ በኋላ ፍርድ ቤት በአመክሮ ሊለቀው ይችላል። ወረቀቴ ላይ ሆን ብዬ ዘልዬዋለሁ። ሳልወድ በግዴ ተናገርኩ።

ሴትዮዋ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ልጄ ሲገደል 19 ዓመቱ ነበር» ብለው ቁጭ አሉ። ከዚያ በኋላ ማን ይናገራል።

ሳምንት ቆይቼ ቤታቸው ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ነው ብዬ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ለማሳመንም ነው። ቡና አፈሉ። ከአቦል እስከ ቶና እሳቸው አወሩ፣ እኔ ሰማሁ። ገዳዩ ችሎት ላይ አንድ ቀን እንኳ ቀና ብሎ አላያቸውም። የሚከነክናቸው እሱ ነው።

በረካው ላይ ጠየቁኝ። «ለመሆኑ ሞት የተፈረደበት ሁሉ ይገደላል?»

እስከሚታወቀው ድረስ የመጨረሻው በ1999 ዓ.ም. ነው አልኳቸው፤ የደኅንነት ኃላፊውን ክንፈ ገብረመድኅንን የገደለው። ከዚያ ወዲህ ፍርዱ ይፈረዳል፣ ፍርደኛው ግን እንደታሰረ ይቀመጣል። የደርግ ባለሥልጣናት የሞት ፍርድ በ2003 ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ። በ2004 መስከረም ደግሞ ብዙዎቹ 20 ዓመት ሞልቷቸው በአመክሮ ወጡ።

ሲኒውን ረከቦቱ ላይ መለሱት። «ታዲያ ይሙት የሚሉት ለምንድን ነው? እኔን ዝም ለማሰኘት ነው?»

ይሄ ለእኔ አንድ ጊዜም መጥቶልኝ አያውቅም። የሞተበት ሰው በማይፈጸም ቃል ይሸኛል፣ ከዚያ ዓመታት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ከሩዋንዳው ሁሉ የሚበልጥ ነጥብ ነው። እኔ ግን ሲናገሩት ሰማሁት እንጂ አላመነጨሁትም።

አሁን አሠራሬን ለውጫለሁ። 20 ዓመቷን ማንም ሳይጠይቀኝ ቀድሜ እናገራለሁ። ሐዘኑ ትኩስ የሆነበት ሰፈር አልገባም። ቴሌግራም «ይሰቀል» እያለ ሲንጫጫም አልመልስም፤ አንዴ ሞክሬ ሦስት ቀን ስልኬን መክፈት ፈርቻለሁ። አንድ የሲዳማ ጓደኛዬ፣ የእነሱ ሽማግሌዎች ነገር ሲያዩ «አፊኒ» እንደሚሉ ነገረኝ። ሰማችሁ ወይ እንደማለት ነው። ስብሰባ ላይ ከንግግሬ በፊት ግማሹን ሰዓት ለሰው የምተወው ከዚያ ወዲህ ነው። አንዳንዴ ሰዓቱ ያልቅና ሳልናገር እመለሳለሁ።

ባለፈው አዲሱን ወረቀት ለሴትዮዋ ወሰድኩላቸው። አሁንም ከእኔ ጋር አልተስማሙም፣ አልዋሽም። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡትና መለሱልኝ።

«ወንጀለኛው ብለህ ትጀምራለህ፣ ወንጀለኛው ብለህ ትጨርሳለህ። የሞተው የታለ?»

እስክሪብቶ አውጥቼ እዚያው ረከቦቱ አጠገብ እንደገና ጀመርኩት።