ፍልሰታን በካምፐር፦ ከኖርማንዲ እስከ ኖይርሙቲዬ

ባለቤቴ ባሕር ይወዳል፣ እኔ ደግሞ ሆቴል አልወድም። በነሐሴ ከፍራንክፈርት ካምፐር ተከራይተን ወደ ፈረንሳይ ነዳን። ኪራዩ በቀን 130 ዩሮ ነው። አልጋ፣ የጋዝ ምድጃ፣ ትንሽ ፍሪጅና መጸዳጃ አለው። እኔ ጀበናዬን፣ ሽሮና በርበሬ ጫንኩ። ፍልሰታ ስለሆነ መንገድ ላይ ምን እንደምበላ ከቤት ሳልወጣ ነው የጨረስኩት።

የመጀመሪያው ሌሊት ክፉ ነበር። ሲመሽብን አውራ ጎዳና ዳር ባለ ማረፊያ ቆምን። አጠገባችን ማቀዝቀዣ ያለው የጭነት መኪና መጣ። ሞተሩ እስኪነጋ ሲያጓራ አደረ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ባለቤቴ ተነስቶ ቦታ ቀየረ፤ እዚያም ሌላ አለ። ከዚያ በኋላ አውራ ጎዳና ላይ ማደር በቃን። በብዙ ከተማ ለካምፐር የተዘጋጀ ማደሪያ አለ፤ ከ10 እስከ 15 ዩሮ ከፍሎ ውኃ ሞልቶ፣ ቆሻሻውን ደፍቶ በሰላም መተኛት ይቻላል።

የመንገድ ክፍያ ኬላው ነገርም አብግኖኛል። በፈረንሳይ አውራ ጎዳና ቁመቱ ከ2 ሜትር የበለጠ መኪና ከተራ የግል መኪና የበለጠ ይከፍላል። የእኛ 2 ሜትር ከ60 ነው። ባሕር ዳር ደርሳችሁ ደግሞ ጥሩ ጥሩው መኪና ማቆሚያ በር ላይ የብረት አግዳሚ ተጋድሟል። ከ2 ሜትር በላይ አይገባም ማለት ነው። ውኃው ቁልጭ ብሎ እየታየ ዞሮ መመለስ ያቃጥላል። አንዳንድ ባለካምፐር ቆሻሻ ጥሎ እንደሚሄድ ይገባኛል፤ ግን ሁሉንም በአንድ አግዳሚ መቅጣት ልክ አይደለም። ብሬታኝ የሚሉት የምዕራብ ፈረንሳይ ክፍል ስንገባ ቢያንስ ኬላው ቀረ። እዚያ ፈጣን መንገዱ ክፍያ የለውም።

የኖርማንዲዎቹን ከተሞች ኤትረታንና ኦንፍለርን በሁለት ቀን አለፍናቸው፣ ዝናብ ነበር። ሞን ሳን ሚሼል፣ ገዳም ያለበት ደሴት፣ ከሩቅ ሲያዩት ልብ ይሰርቃል። መኪና የሚቆመው ከደሴቱ ርቆ ስለሆነ በነጻ አውቶቡስ ነው የሚገባው። ውስጡ ግን በነሐሴ ትከሻ ለትከሻ መጋፋት ነው። ካንካል ላይ ባለቤቴ ኦይስተር የሚሉትን ባለቅርፊት የባሕር ምግብ ከነሎሚው እየበላ ቅርፊቱን እንደ ሰዉ ሁሉ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ሲወረውር፣ እኔ ዳቦ በቲማቲም በላሁ። ምንም አልቀናሁም።

ፔሮ ጊሬክ የምትባል የብሬታኝ ባሕር ዳር ከተማ የደረስነው ኦገስት 14 ማታ ነው። ድንጋዩ ሁሉ ሮዝ ነው፤ ጀንበር ስትጠልቅ ደግሞ ይቀላል። ጠዋት ደወል ቀሰቀሰን። የማርያም በዓል ነው። ለእኛ ገና ነሐሴ 9 ነው፣ ጾሙ አልተፈታም፤ ካቶሊኮቹ ግን በዓሉን የሚያከብሩት ከእኛ በሳምንት ቀድመው ነው። ላ ክላርቴ የሚሉት ጸሎት ቤት ራሱ በዚያ ሮዝ ድንጋይ የተሠራ ነው። በጉም መንገድ የጠፋበት ባለመርከብ ለማርያም ተስሎ ብርሃን ስለወጣለት አሠራው ይባላል። ስለት መሆኑን ስሰማ ነጠላዬን ካምፐሩ ውስጥ ፈልጌ ለበስኩ።

የማርያምን ሐውልት ተሸክመው፣ በወርቅ ክር የተጠለፉ ትልልቅ ባንዲራዎች ይዘው ወጡ። ከባድ ነው ባንዲራው። አንድ ወጣት ነፋሱ ሲገፋው በሁለት እጁ ታግሎ ይዞታል፣ ላቡ አገጩ ላይ ይንጠባጠባል። ዝማሬያቸውን አላውቀውም። አንዲት አሮጊት ነጠላዬን አይተው ፈገግ አሉና አግዳሚ ወንበሩ ላይ ጠጋ አሉልኝ። ጀርመን ስንት ዓመት ስኖር ፍልሰታን የምጾመው ለብቻዬ ነው፤ ቢሮ ውስጥ ማንም አያውቅም። እዚያ ግን በማላውቀው ቋንቋ መሐል ቁጭ ብዬ ሰው መሐል ነበርኩ። አለቀስኩ።

ምሳ ፍለጋ ትንሽ ጋሌት ቤት ገባን። ጋሌት ጥቁር ስንዴ ከሚሉት እህል የሚጋገር ነው። እንጀራ ነው እንዳልል ዓይን የለውም። ችግሩ ቅቤ ነው፤ ብሬታኝ ውስጥ ቅቤ የማይገባበት ምግብ የለም። ባለቤቴ ባለው ፈረንሳይኛ ቅቤ፣ እንቁላል፣ አይብ አትበላም ብሎ አስረዳ። ሴትዮዋ «አለርጂ ነው?» አለችው። ጾም ነው ሲላት ፊቷ ተፈታ። አያቷ ዓርብ ዓርብ ሥጋ አይቀምሱም ነበር አለች። ምጣዱን በንጹሕ ወረቀት ደጋግማ ጠረገች። ዘይት ጠብ አደረገች። ሊጡን በትንሽ እንጨት ዙሪያውን አሳሳችው፣ ሽንኩርትና እንጉዳይ ጨመረችበት፣ አራት ማዕዘን አድርጋ አጠፈችው። ጠርዙ ይንኮሻኮሻል። 9 ዩሮ ነው። ሁለተኛውን አላስከፈለችኝም።

የካርናክን የጥንት ትክል ድንጋዮች ከመኪና ሳንወርድ አየናቸው፤ ጌራንድ ላይ ጨው ገዝተን አለፍን። ኖይርሙቲዬ ደሴት ለመግባት ድልድይ አለ፣ ግን የባለቤቴ የልቡ ጉዳይ ጉዋ የሚሉት መንገድ ነበር። ርዝመቱ ከ4 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፣ ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይውጠዋል። ባሕሩ ሙሉ በሙሉ ከሚጎድልበት ሰዓት በፊት አንድ ሰዓት ተኩል፣ በኋላም አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ይታለፋል። ሰዓቱ መግቢያው ላይ ተለጥፏል። ቀድመን ደርሰን ቡና አፈላን። አስፋልቱ ከውኃው ውስጥ ቀስ እያለ ሲወጣ፣ ባልዲ የያዙ ሰዎች ጭቃውን እየቆፈሩ ሲለቅሙ፣ ሁለተኛው ሲኒ አልቆ ነበር። መሐል መሐል ላይ ከፍ ያሉ የእንጨት ማማዎች ቆመዋል፤ ውኃ የቀደመው ሰው የሚወጣባቸው ናቸው። ባለቤቴ በቀስታ ነዳ። መስኮቱን ከፍቼ የባሕሩን ወለል ሽታ ሳብኩ። ግራ ቀኝ ውኃው ሩቅ ነው፤ እኛ የምንሄድበት ግን ሲነጋጋ ዓሣ የሚዋኝበት ነበር።

ፍልሰታን የፈታሁት እዚያው ደሴት ላይ ነው፣ በእንቁላልና በዚያ ሁሉ ቀን በሸሸሁት ጨዋማ ቅቤ።

ካምፐሩን ስንመልስ ለመጸዳጃ ጽዳት 90 ዩሮ ቆረጡብን። ባለቤቴ ታጥቦ ያበራበትን ፎቶ ከነሰዓቱ ላከላቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግማሹን መለሱ፤ የቀረውን አሁንም እየጠየቅን ነው።