ቴምፕልሆፍ፦ ከሰል ከሰማይ የወረደበት ሜዳ

ቴምፕልሆፍ፣ ሶቪየቶች በይዞታቸው መካከል የነበረችውን ምዕራብ በርሊንን በ1948 በከበቡ ጊዜ ምግብና ከሰል በአውሮፕላን የገባበት የቀድሞ ኤርፖርት ነው። ወደዚያ የሚያደርሰው የበርሊን የምድር ውስጥ ባቡር መስመር ዩ6 ነው፤ መውረጃው «ፕላትስ ዴር ሉፍትብሩከ»፣ የአየር ድልድይ አደባባይ ይባላል። ከጣቢያው ስወጣ መጀመሪያ ያየሁት ሦስት ጎባጣ ጣቶቹን ወደ ምዕራብ የዘረጋ የኮንክሪት ሐውልት ነው። ጣቶቹ በከበባው ጊዜ ምዕራብ ጀርመንን ከበርሊን ጋር ያገናኙ የነበሩት ሦስቱ የአየር መስመሮች ናቸው። ከሥሩ በሥራው ላይ የሞቱት ሰዎች ስም ተጽፏል፤ ሳታነቡት አትለፉ። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

እነዚህን መስመሮች፣ እያንዳንዳቸውን በ32 ኪሎ ሜትር ስፋት፣ አራቱ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሸናፊዎች (አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ሶቪየት ኅብረት) በኖቬምበር 1945 በጽሑፍ ተስማምተውባቸው ነበር። ለመኪና መንገዱና ለባቡሩ ግን እንዲህ ያለ ውል አልነበረም። ሶቪየቶች በጁን 1948 የምድሩን መንገድ ሲዘጉ የገቡት በዚያ ክፍተት ነው። በጀርመን የአሜሪካ ጦር አዛዥ ጄኔራል ክሌይ በምድር የታጠቀ ኮንቮይ ይላክ ሲሉ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትሩማን አልተቀበሉም፤ ከተማዋን ለቅቆ መውጣትንም አልፈለጉም። ኮሙኒዝምን የመግታት ፖሊሲ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ላይ ይታየኛል፦ አለመተኮስ፣ ግን አለመልቀቅ። የቀረው ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብን በአውሮፕላን መቀለብ ነው።

ኤርፖርቱ በ2008 ተዘግቶ ሜዳው ከ2010 ወዲህ መናፈሻ ሆኗል። 2 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን ማኮብኮቢያ በእግር ሄድኩበት። ምሥራቁ ጫፍ የመቃብር ቦታ ነው፤ ወደ ምዕራብ ሲዞሩ ደግሞ ፎቅ ቤቶች ይታያሉ። አብራሪው በዝቅተኛ ደመና ውስጥ ይህን ይዞ ነበር የሚወርደው።

ኦገስት 13 ቀን 1948 ደመናው ጣሪያ ሊነካ ደረሰ። አንድ አውሮፕላን ወድቆ ተቃጠለ፣ ከኋላው የመጣው ያን ለመሸሽ ፍሬን ሲይዝ ጎማው ፈነዳ፣ ሌሎቹ ሰማይ ላይ ተደራርበው መዞር ጀመሩ። የበረራው አዛዥ ጄኔራል ተነር ከዚያ በኋላ ቁርጥ ያለ ደንብ አወጡ፦ ማረፍ የሚሞከረው አንዴ ብቻ ነው፤ ያልተሳካለት ጭነቱን እንደያዘ ወደ ተነሳበት ይመለሳል። ሰልፉ ሳይቆም የቀጠለው በዚህ ደንብ ነው።

ጭነቱም ብልሃት ይጠይቅ ነበር። ሲ-54 የተባለው የጭነት አውሮፕላን አንዱ የሚይዘው 10 ቶን ገደማ ስለሆነ ውሃ መጫን ኪሳራ ነው። ስለዚህ በዳቦ ፋንታ ዱቄት፣ በጥሬው ፋንታ የደረቀ ድንች፣ አጥንቱ የወጣ ሥጋ ተጫነ። ከጭነቱ ሁለት ሦስተኛው የድንጋይ ከሰል ነበር፤ ብናኙ ከጆንያው እያመለጠ የመሪ ኬብሎቹንና የኤሌክትሪክ መገናኛዎቹን ይበላል። ጨው ከዚህም ይብሳል። እንግሊዞች ጨውን ባሕር ላይ እንዲያርፉ በተሠሩት ሰንደርላንድ አውሮፕላኖች ጭነው ሐቨል ወንዝ ላይ አሳረፉት፤ የሰንደርላንድ አካል ጨው እንዳይበላው ታስቦ የተሠራ ነው፣ ኬብሎቹም የሚያልፉት በጣሪያው በኩል ነው። ይህ መፍትሔ እስካሁን ያስደንቀኛል።

ከበባው ሜይ 12 ቀን 1949 ተነሳ። በረራው ግን መጋዘን እስኪሞላ እስከ ሴፕቴምበር ቀጠለ፤ በጠቅላላው ወደ 2.3 ሚሊዮን ቶን ገባ። የሐውልቱ መንታ ፍራንክፈርት ኤርፖርት አጠገብ አለ፤ የእሱ ጣቶች የሚያመለክቱት ወደ በርሊን ነው።