ከቆርቆሮ እስከ አቤ ሐይቅ

ቀበና ወንዝ አጠገብ በሚገኘው ቤታችን ክረምት መግባቱን የሚያረጋግጥልን ቆርቆሮው ነው። ሰኔ ላይ ዝናቡ እንደ ዓይነ አፋር እንግዳ አካፍቶ ይመለሳል፤ ሐምሌ ሲገባ ግን ከቀኑ 9 ሰዓት አካባቢ ሰማዩ በእንጦጦ በኩል ይጠቁርና፣ የተሰጣ ልብስ ለማንሳት እንኳ ፋታ ሳይሰጥ ዶፉ ይወርዳል። በረዶ የተቀላቀለበት እንደሆነ ቤት ውስጥ መደማመጥ ስለማይቻል፣ የተጀመረው ወሬ ሁሉ እስኪያባራ ድረስ ይቆያል። ጎረቤቶቼ ክረምቱን በጭቃውና በትራንስፖርት ሰልፉ ያማርሩታል፤ እውነት አላቸው። እኔ ግን ያን ወሬ የተቋረጠበትን ሰዓት የምወደውን ያህል የምወደው የቀን ክፍል የለኝም።

ሲያባራ ድልድዩ ላይ ወጥቼ ወንዙን አያለሁ። ለማየት የሚያምር ውሃ አይደለም፤ ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ እያንሳፈፈ የሚደፈርስ፣ በበጋ አፍንጫ የሚያስይዝ ወንዝ ነው። ሆኖም የሚሄድበትን መንገድ ካወቅሁ ወዲህ በንቀት ላየው አልቻልሁም። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የእንጦጦ ጋራ የሁለት ተፋሰሶች ድንበር ነው፤ በሰሜኑ ገጽ፣ በሱሉልታ በኩል የወደቀው ጠብታ በሙገር ወንዝ አድርጎ ዓባይ ይገባና ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜድትራኒያን ባሕር ይደርሳል። ጥቂት እርምጃ ወዲህ፣ ወደ እኛ ባዘነበለው ገጽ የወደቀው ደግሞ በቀበናና በአቃቂ በኩል አዋሽን ተቀላቅሎ፣ ቆቃን አልፎ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ ባሕር ሳያይ ጅቡቲ ድንበር ላይ ባለው አቤ ሐይቅ ያበቃል። ከአንድ ደመና የወረዱ ሁለት ጠብታዎች በአንድ ነፋስ ምክንያት እንዲህ መለያየታቸው፣ ከአንድ ቤት ወጥተን በየአገሩ የተበተንነውን እኔንና ወንድሞቼን ያስታውሰኛል።

«ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» ይባላል እንጂ፣ በእኛ ቤት ክረምቱ ሳይሸኝ የሚቆየው እስከ ጳጉሜን 3፣ እስከ ሩፋኤል ድረስ ነው። ርኅወተ ሰማይ የሚባለው ይህ ቀን ሰማይ የሚከፈትበት ነውና፣ የሰፈሩ ልጆች ዝናቡ ሲጀምር ልብሳቸውን አውልቀው በደስታ እየጮኹ ይጠመቁበታል። ባለፈው ዓመት ዕለቱን ሙሉ ሰማዩ ዳምኖ እምቢ ብሎ ውሎ፣ ወደ 11 ሰዓት ገደማ ካፊያ ጀመረ። ራሴ ጠግኜዋለሁ ብዬ የተኩራራሁበት አሸንዳ በመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ተከፍቶ በረንዳውን ስላጥለቀለቀው፣ ባልዲ ደቅኜ ያጠራቀምሁትን ውሃ ለእናቴ ይዤላት ሄድሁ።

«ይሄ ከቆርቆሮ የወረደ ነው ልጄ፣ ለሊጥ የሚሆነው ከሰማይ የወረደው ነው» አለችና የራሷን ሳፋ ግቢው መሃል ላይ አስቀመጠች። ነጠላዋን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ፣ ሳፋው ውስጥ የሚሰፉትን የጠብታ ክቦች እያየች ለረጅም ጊዜ ቆመች፤ እኔም አጠገቧ ቆምሁ። ካፊያው ሲያባራ ከሳፋው አንድ ጣሳ ቀድታ ሊጡ ላይ ጨመረች፤ የቀረውን ጤና አዳሟ ሥር አፈሰሰችው። የእኔን ባልዲ ወደ ቦዩ ደፋሁት፤ ቁልቁል ወደ ቀበና ወረደ።