ዘመድ ሲመጣ ሲኒማ ቤት ይዞ መሄድ

አክስቴና ባለቤታቸው ከነልጅ ልጆቻቸው ሊጠይቁን በመጡ ጊዜ ሁላችንንም የሚያሰባስብ መዝናኛ የመፈለጉ ኃላፊነት በእኔ ላይ ወደቀ። ሲኒማን የመረጥሁት ብዙ መራመድን ስለማይጠይቅና ዝናብም ሆነ ፀሐይ ስለማያደናቅፈው ነው። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ዝግጅት የሚጀምረው «የትኛውን ፊልም እንይ?» ከሚለው ጥያቄ ነው፤ እኔ ግን የጀመርሁት ከመካከላችን ቶሎ የሚቸገረው ማን እንደሆነ በማሰብ ነበር። መልሱም ግልጽ ነበር፤ በአንድ በኩል ጉልበታቸውን የሚያማቸው አክስቴ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ማንበብ ያልጀመረው ትንሹ ልጅ ነበሩ።

በመጀመሪያ የወሰንሁት ቀኑን ነው። ሲኒማ ቤት ጎን ለጎን ተቀምጦ ዝም የሚባልበት ቦታ ስለሆነ፣ ተነፋፍቆ የተገናኘ ሰው በመጣበት ዕለት እዚያ ሊወሰድ አይገባውም የሚል እምነት አለኝ። ስለዚህ ወሬው እስኪወጣ ጠብቀን በጉብኝቱ ማብቂያ አካባቢ፣ ከሰዓት በኋላ በሚታየው የመጀመሪያ ፕሮግራም ሄድን፤ ምሽቱም ለጨዋታ ተረፈልን።

ፊልሙን በተመለከተ፣ ምርጫውን ለሁሉም ክፍት ቢያደርጉት ጭቅጭቁ ማለቂያ ስለማይኖረው፣ ሁለት ፊልሞችን ብቻ ለይቼ ከሁለቱ አንዱን ልጆቹ እንዲመርጡ አደረግሁ። በፊልሙ ላይ የሚጻፈው የዕድሜ ገደብ በአብዛኛው የሚናገረው ስለ ጠብ፣ ስለ ስድብና ስለ እርቃን ነው፤ ፊልሙ ምን ያህል እንደሚረዝም ወይም ልጅን እንደሚያሰለች አይነግርም። በዚህ ምክንያት የፊልሙን ቅንጫቢ ማስታወቂያ (ትሬለሩን) ከልጆቹ እናት ጋር አስቀድመን አየነው። ከፊልሙ በፊት የሚታዩት ማስታወቂያዎች ብቻቸውን ሩብ ሰዓትና ከዚያ በላይ ሊወስዱ ስለሚችሉ፣ የትንሹን ልጅ ትዕግሥት ስንለካ ይህንንም ጨምረን ነበር። ንግግሩ ከሥር በጽሑፍ እየተተረጎመ (በሰብታይትል) የሚታየውንም ፊልም ተውነው፤ አንዱ ማንበብ አይችልም፣ አክስቴ ደግሞ ጽሑፉን አንብበው ሳይጨርሱ ይቀየርባቸዋል።

ልጆቹ በልዩ መነጽር የሚታየው ስሪ ዲ ካልሆነ ብለው ቢወተውቱም በዚህ አልተስማማሁም። ስሪ ዲ የሚሠራው ለእያንዳንዱ ዓይን የተለያየ ምስል በማድረስ ስለሆነ፣ አንድ ዓይኑ የደከመ ሰው ጥልቀቱ አይታየውም፤ በአክስቴ ባለቤት ላይም የሚደርሰው ይኸው ነበር። ከዚህም በላይ በዓይን መነጽር ላይ ሌላ መነጽር ደርቦ መቀመጥ ምን ደስታ እንዳለው አይገባኝም።

ከሁሉ የበለጠ ያሰብሁበት የመቀመጫው ጉዳይ ነው። የፊት ረድፎች አንገት ያሳምማሉ፤ ከአዳራሹ አጋማሽ ጥቂት ወደ ኋላ ያለው ቦታ ግን ምስሉንም ድምፁንም በደንብ ይሰጣል። ጫፍ ላይ መቀመጥ ለአክስቴ ጉልበትም ሆነ ልጅን ሽንት ቤት ለመውሰድ ይመቻል፤ ነገር ግን ጫፍና ጫፍ አንድ አይደለም። በግድግዳው በኩል ያለው ጫፍ ግድግዳው ላይ ለተሰቀሉት ድምፅ ማጉያዎች ስለሚቀርብ፣ በመካከለኛው መተላለፊያ በኩል ያለውን ጫፍ መረጥሁ። በሲኒማ የድምፅ ደረጃ መሠረት ከፊት ያለው አንድ ድምፅ ማጉያ ብቻውን ለቅጽበት እስከ 105 ዴሲቤል (ዴሲቤል የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) የሚደርስ እጅግ ከፍተኛ ድምፅ ሊያሰማ እንደሚችል ስለማውቅም፣ ለትንሹ ልጅ የጆሮ መከላከያ ይዘን ሄድን። የመጀመሪያው ፍንዳታ ሲሰማ ልጁ ፊቱን እናቱ ጉያ ውስጥ ቀበረ፤ መከላከያውን ስታደርግለት ግን በአንድ ዓይኑ አጮልቆ ማየት ጀመረ።

መብራት ሳይጠፋ መግባትም ቀላል ነገር አይደለም። ዓይን ጨለማን ሙሉ በሙሉ እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ይዘገያል። አክስቴ መደገፊያውን ይዘው ደረጃውን አንድ በአንድ ሲወጡ አይቼ፣ ይህንኑ በጨለማ ቢያደርጉት ኖሮ ብዬ አሰብሁ። አጠገባቸው ያስቀመጥሁት ትልቁን የልጅ ልጃቸውን ነው፤ «ልጄ፣ ይኼ ሰውዬ ቅድም ሞቶ አልነበረም እንዴ?» ብለው ሲጠይቁት በትዕግሥት እየተንሾካሾከ ያስረዳቸዋል። ከኋላችን ያለው ሰው ጉሮሮውን ጠራረገ እንጂ ሌላ አልተናገረም።

ፊልሙ ሲያልቅ ሕዝቡ እስኪወጣ ድረስ የሠራተኞቹን ስም ዝርዝር እያየን ቆየን፤ ወደ ቤት ስንመለስም ክርክሩ ተጀመረ። የአክስቴ ባለቤት በሚቀጥለው ጊዜ የጦርነት ፊልም ካልሆነ አልሄድም ብለዋል፤ እኔም በሚቀጥለው ጉብኝት በተመሳሳይ ሰዓት የሚጀምሩ ሁለት ፊልሞችን ፈልጌ ቤተሰቡን ለሁለት ለመክፈል አስቤአለሁ።