«ፎርጅድ ነው» የተባለው ኩዊኒን
ክረምቱ ወጣ ሲል ጎንደር ላይ የወባ ነገር ይነሳል። ከደምቢያና ከመተማ በኩል የሚመጣው ታማሚ ይበዛል። ያ የወባ መድኃኒት፣ የኩዊኒን ታብሌት፣ ወደ ላብራቶሪያችን የመጣውም በዚሁ ሰሞን ነው፤ አዘዞ ካለ አንድ ፋርማሲ።

ውጤቱን ያየ ሁሉ «ፎርጅድ ነው!» አለ። ፍሎሮሜትሩ፣ ማለትም ኩዊኒኑ የሚያበራውን ብርሃን የሚለካው መሣሪያ፣ ያነበበው ቁጥር እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። አንዱ ባልደረባችንማ ሪፖርቱን መጻፍ ጀምሯል። ባለ ፋርማሲውም ካርቶኑን እንዳይሸጥ ተነግሮታል።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ታብሌቱ ይፈጫል፣ በቀጭን ሰልፈሪክ አሲድ ይሟሟል፣ ይጣራል፣ እንደገና ይቀጥናል። ከዚያ 350 ናኖሜትር ላይ ዓይን የማያየው ብርሃን ይለቀቅበታል። ኩዊኒኑ 450 አካባቢ ሰማያዊ ብርሃን ይመልሳል። ኩዊኒኑ በበዛ ቁጥር ብርሃኑም ይደምቃል። ፈሳሹ ከመጠን በላይ ከወፈረ ግን ይገለበጣል፤ የገባው ብርሃን ገና ከፊት ለፊቱ ተውጦ ይቀራል።

ጡረታ የደረሱት ቴክኒሺያናችን ግን አልተዋጠላቸውም። «እስቲ በአብዞርባንስም፣ በሚውጠው ብርሃን መጠን፣ ይነበብ» አሉ። ተነበበ። መድኃኒቱ መለያው ላይ እንደተጻፈው ሆኖ ቁጭ!

ወደ ተለማማጇ ዞሩ። «ልጄ፣ በምን አሟሟሽው?»

«በሃይድሮክሎሪክ ነው ጋሼ። ሰልፈሪኩ ስታንዳርዱ ላይ አለቀ። ያው ሁለቱም አሲድ አይደሉ?»

መልስ አልሰጧትም። የስታንዳርዱን፣ ማለትም ናሙናው የሚነጻጸርበትን መጠኑ የታወቀ የኩዊኒን ፈሳሽ፣ ብልቃጥ አንስተው አልትራቫዮሌት መብራቱ ሥር አስቀመጡት። ሰማያዊው ቦግ ብሎ ይታያል። ከመደርደሪያው ሶዲየም ክሎራይድ፣ ማለትም ያንኑ ጨው፣ በማንኪያ ጫፍ ጨመሩበትና ወዘወዙት። ሰማያዊው ዓይናችን እያየ ከሰመ። «ውይ!» አለች ልጅቱ።

ክሎራይዱ ብርሃን የዋጠውን ኩዊኒን ይጋጨውና ጉልበቱን ሳያበራ ያስጥለዋል። ኩዊኒኑ የትም አልሄደም። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ደግሞ ክሎራይድ አለበት። አብዞርባንስ የሚለካው የተዋጠውን ብርሃን ስለሆነ ይህ አይነካውም።

እኔን ያናደደኝ የልጅቱ ነገር አይደለም፤ ጠየቅናት፣ ነገረችን። የሪፖርቱ ጥድፊያ ነው እንጂ። ናሙናው ላይ መጠኑ የታወቀ ኩዊኒን ጨምረን ብናነብ ኖሮ፣ የጨመርነው ያህል ብርሃን አለመምጣቱ ያኔውኑ ያጋልጠው ነበር። ዛሬ ያለዚህ ፍተሻ «ጎደለ» የሚል ውጤት አይፈረምም። ሥራ ይጎተታል የሚሉ አሉ። ይጎተት።

ሰልፈሪኩ ተገኝቶ እንደገና ተሠራ፤ ታብሌቱ አለፈ። ባለ ፋርማሲው ይህን ሁሉ የት አውቆ! «የአንድ ካርቶን ውጤት ይህን ያህል ይቆያል?» ብሎ ተቆጣን።